የአቼቶው ሒሳብ

ከኬሚስትሪ ሁሉ የሞልን ያህል ማርክ ያስገኘልኝ ርዕስ የለም፤ የእሱን ያህል ያልገባኝም የለም። ግራሙን ለሞላር ማስ ማካፈል፣ በእኩልታው ቁጥር ማባዛት፣ መልሶ ወደ ግራም መቀየር፤ እጄ ለምዶታል። ምን እየቆጠርክ ነው ብሎ የሚጠይቅ ፈተና ስላልመጣብኝ ነው የተረፍኩት።

ጠያቂዋ የመጨረሻዋ እህቴ ሆነች። «ጋሼ፣ ወደ ሞል መቀየር ለምን አስፈለገ? ግራሙን ከግራም ጋር ብናወዳድርስ?»

ዝም አልኩ። ከዚያ ወደ ማድቤት ገባንና 8.4 ግራም ቤኪንግ ሶዳና 100 ግራም አቼቶ መዘንን። «የቱ ቀድሞ ያልቃል?» አልኳት። «ሶዳው ነዋ!» አለች። በዓይኑ ያየ ሰው ሌላ ምን ይላል?

ግን አቼቶ አብዛኛው ውሃ ነው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ይላል፤ ስለዚህ ያለን አሴቲክ አሲድ 5 ግራም ብቻ ነው። 5 ለሞላር ማሱ ለ60 ሲካፈል 0.083 ሞል ገደማ ነው። ሶዳው 8.4 ለ84፣ ማለትም 0.1 ሞል። ሁለቱ የሚዋሃዱት አንድ ለአንድ ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀው አሲዱ ነው። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም 0.083 ሲባዛ በ44፣ ወደ 3.7 ግራም ይጠጋል፤ 1.4 ግራም ያህል ሶዳ ይተርፋል።

ገበያ ላይ በርበሬ በኪሎ፣ እንቁላል በቁጥር ይሸጣል። ሞለኪዩሎች የሚገናኙት እንደ እንቁላሉ ነው፤ በእጃችን ያለው ግን የበርበሬው ሚዛን ብቻ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረን ሞል ነው፤ ከ6 ኋላ 23 ዜሮ እንደመደርደር ያለ ቁጥር። ይህን ያህል ዘመን ሳሰላ ኖሬ የገባኝ ያኔ ነው ብል አላፍርም።

ከዚያ ሁለቱን ሚዛኑ ላይ ቀላቀልናቸው። አረፋው ጸጥ ሲል ታች የቀረ ዱቄት አልነበረም። «የተረፈው ሶዳ የታለ?» ሟሙቷል እንጂ አልጠፋም፤ አንድ ማንኪያ አቼቶ ስንጨምር እንደገና ገነፈለ። ይህንን ግን ያደረግነው ሚዛኑን ካነበብን በኋላ ነው። የቀነሰው ክብደት 3.7 አልደረሰም ነበር። «ጋሼ፣ ሒሳብዎ አልሠራም!» ብላ ሳቀች። ከጋዙ ጥቂቱ ፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ ቀርቷል አልኳት።

«ብናሞቀውስ?»

ቢሞቅ ጋዙ ይወጣል፤ ግን ውሃውም አብሮ ይተናል፣ ሚዛን ደግሞ የሄደው የቱ እንደሆነ አይለይም።