ተሰብሮ በዳነ እግር ከደባርቅ እስከ ዛሪማ

የሰሜንን ተራራ ስም ያልሰማ አንባቢ አይገኝም፤ የራስ ደጀንን ከፍታ፥ የዋልያውንና የጭላዳውንም ነገር ብዙ ሰዎች ጽፈውታል። ዛሪማን ግን የሚያነሣት ሰው ጥቂት ነው። ዛሪማ ከደባርቅ ደጋ በስተ ሰሜን፥ ከሊማሊሞ ገደል በታች፥ ወደ ተከዜ በሚወርደው በዛሪማ ወንዝ አጠገብ ያለች የቆላ ከተማ ናት። በ2012 ዓ. ም. በኅዳር ወር ከደባርቅ ተነሥቼ በእግሬ ወደ እርስዋ መውረዴን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የመንገዱ አዲስነት አይደለም፤ የሄድሁበት እግር ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በፊት ተሰብሮ የነበረ ስለ ሆነ ነው እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ ወር 2010 ዓ. ም. ለሥራ ወደ ዳባት ሄጄ ሳለሁ፥ ከዝናብ በኋላ አንዲት ትንሽ ፈፋ ስሻገር ጭቃው አንሸራተተኝና ቀኝ እግሬ በሁለት ድንጋይ መካከል እንደ ተቀረቀረ ሰውነቴ በጎን ወደቀ። ደረቅ እንጨት ሲቀነጠስ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። በአጠገቡ ባቄላ ሲያርሙ የነበሩ ገበሬዎች ሩጠው መጡ፤ ሁለት አጣና ቆርጠው፥ ጋቢያቸውን በላዩ ወጥረው ቃሬዛ አበጁልኝ፤ እየተፈራረቁም ተሸክመው እስከ መኪናው መንገድ አደረሱኝ። ስማቸውን ሳልጠይቅ መለየቴ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

ቁርጭምጭሚት የምንለው ሦስት አጥንቶች የሚገናኙበት መጋጠሚያ ነው። ወፍራሙ የቅልጥም አጥንት በውስጥ፥ ቀጭኑ አጥንት በውጭ ወገን ሆነው የእግሩን አጥንት በመካከላቸው ይይዙታል። የኔ በሁለቱም ወገን ተሰብሮ ነበር። ይህን ያወቅነው ግን በኋላ ራጅ ከተነሣ ወዲያ ነው፤ በዚያች ማታ የምናውቀው ማበጡንና መጣመሙን ብቻ ነበር።

የእናቴ ወንድም በዛሪማ የታወቁ ወጌሻ ናቸው። ወሬውን በስልክ እንደ ሰሙ፥ «ማንም እንዳይነካው፤ ነገ በመኪና እደርሳለሁ» አሉ። ባለቤቴ ግን፥ «ራጅ ሳይነሣ የማንም እጅ አያርፍበትም» ብላ ቆረጠች። እኔ በሕመም ውስጥ ስለ ነበርሁ ክርክሩን እንደ ሌላ ሰው ነገር አዳምጥ ነበር። ወጌሻን ለመንቀፍ ብዬ አልጽፍም፤ አጎቴ የወለቀ ትከሻ በአንድ ትንፋሽ ሲመልሱ በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ሐኪም ቤት በሌለበት ቆላም ስንቱን እረኛ እንዳቆሙ የአገሩ ሰው ይናገራል። ነገር ግን የተሰበረ እግር በሸምበቆ ሲታሰር ማሰሪያው ከመጠን ያለፈ ከጠበቀ፥ ደም ወደ ጣት እንዳይደርስ ከልክሎ ሥጋው ይሞታል፤ ነገሩም እግርን እስከ መቁረጥ ይደርሳል። የአገራችን ሐኪሞች በዚህ ምክንያት የተቆረጡ ሕፃናትን ነገር ደጋግመው ጽፈዋል። ስለዚህ በማናቸውም እጅ የታሰረ እግር ቢሆን፥ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፥ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ፥ ሌሊትም ቢሆን ሳይውል ሳያድር ማሰሪያውን መፍታትና ወደ ሐኪም መገሥገሥ ይገባል። የቤት እመቤቶች ይህን አንድ ነገር ቢይዙልኝ ሌላውን ቢረሱት አልቀየምም።

ሐኪሞቹ ቆዳውን ከፍተው አጥንቱን ከገጠሙ በኋላ በብረትና በብሎን አሰሩት። አጎቴ ይህን በሰሙ ጊዜ፥ «እንግዲህ የሚሄደው በብረት ነው፤ ዛሪማንም ዳግመኛ በእግሩ አይረግጣትም» ብለው ተቀየሙ። ከዚያ ወዲያ ስልክ ስደውል የሚያነሡት ልጆቻቸው ሆኑ፤ እርሳቸው ወይ ገበያ ሄደዋል፥ ወይ ተኝተዋል። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደ አባት የማያቸው ሰው ስለ ሆኑ፥ ይህ ነገር ከስብራቱ ይልቅ ቆየብኝ።

ስድስት ሳምንት ያህል እግሬ መሬት አልነካም። ጀሶው ሲወልቅ ባቴ ቀጥኖ የሌላ ሰው እግር መሰለኝ። ብዙ ሰው አጥንት ከገጠመ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ እኔም እንዲሁ መስሎኝ ነበር። ከአጥንቱ ይልቅ ያስቸገረኝ ግን የመጋጠሚያው መድረቅና የሚዛን መጥፋት ነው። ጤነኛ ቁርጭምጭሚት መሬቱ ሲዘነብል ባለቤቱ ሳያስብ ራሱን ያስተካክላል፤ ተሰብሮ የዳነው ግን ይህን እንደ ሕፃን እንደ ገና ይማራል። ሐኪሙ ያዘዘኝ ሥራ ለማየት የሚያሳፍር ነበር፤ ይኸውም በአንድ እግር መቆም፥ በደፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው። እኔም ጧት ጥርሴን በመፋቂያ እስክጨርስ ድረስ በቀኝ እግሬ ብቻ እቆም ጀመር። በመጀመሪያ አንድ ጥርስ እንኳ ሳልፍቅ እወድቅ ነበር።

የሰባት ዓመት ልጄ ተቆጣጣሪዬ ሆነች። ግቢውን አንድ ጊዜ በዞርሁ ቁጥር አንዲት የባቄላ ፍሬ በሰፌድ ላይ ታስቀምጣለች። የመጀመሪያው ቀን ገቢ ሦስት ፍሬ ነበር። አንድ ቀን ደክሞኝ በአጥሩ እየተደገፍሁ ዞሬ ዐሥር ሞላሁ ባልሁ ጊዜ፥ «አባዬ፥ ይህችኛዋን አጥሩን ይዘው ነው የዞሩ፤ አትቆጠርም» ብላ ፍሬዪቱን አነሣችብኝ። በመንግሥት ሥራ ብዙ ተቆጣጣሪ አይቻለሁ፥ እንደ እርስዋ የጠበቀ አልገጠመኝም። ከዚያ በኋላ ከግቢ ወደ ገበያ፥ ከገበያ ወደ ከተማው ዳር፥ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመርሁ ሄድሁ። ሚዛኔም ይህ ነበር፤ ማታ ያበጠው እግር ጧት ከረገበ የትናንቱ መንገድ ልክ ነበር፤ አብጦ ካደረ ግን በዝቷልና ያን ቀን ዐርፋለሁ።

ትዕግሥት ባነሰኝ ጊዜ አበበ ቢቂላን አስብ ነበር። ሮምንና ቶኪዮን ያሸነፈው ይህ ጀግና በ1961 ዓ. ም. ወደ ሜክሲኮ ሲሄድ እግሩ ተጎድቶ ነበር፤ ከ17 ኪሎ ሜትር በኋላም ሩጫውን አቋርጦ ወጣ፥ ወርቁንም ማሞ ወልዴ አመጣው። ከሁለት ድል በኋላ መንገድ ዳር መቆም ለእርሱ ካልከበደው፥ ለእኔ ከገበያ መልስ በጋሪ መመለስ ምኑ ይከብደኛል እል ነበር።

በኅዳር 2012 ዓ. ም. ሐኪሙን አስፈቅጄ፥ ባለቤቴንም በብዙ ልመና አስፈቅጄ፥ ደባርቅ አደርሁ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለ ሆነች የኅዳር ሌሊቷ ጋቢ በጋቢ ላይ ያስደርባል። አስጎብኝዎች እንግዶቻቸውን ይዘው በ1970 ዓ. ም. ከዓለም ቅርስ መዝገብ ወደ ገባው ፓርክ በስተ ምሥራቅ ሲወጡ፥ እኔ ከአንድ ስድሳ ዓመት ከሚሆናቸው መንገድ አዋቂና ከበቅሏቸው ጋር በስተ ሰሜን ወደ ገደሉ አፍ ሄድሁ።

ሊማሊሞን ከላይ ቆሞ ያየ ሰው መሬት እንዲህ ሊቆረጥ መቻሉን ይደነቃል። ከእግር በታች የቆላው ተራሮች እንደ ተተከለ ጦር ቆመዋል፥ ከእነርሱም ወዲያ ጭጋጉ ወደ ተከዜ ይዘረጋል። የመኪናውን መንገድ ጠላት በወረራው ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. ባለው ጊዜ፥ ገደሉን እየሰነጠቀ በጥምዝምዝ አውጥቶታል። የእግሩ መንገድ ግን ከዚያ እጅግ የቆየ ነው፤ ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚወጣው ነጋዴ ሁሉ ይረግጠው ነበር፤ እስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም በ1762 ዓ. ም. በዚሁ በሊማሊሞ ወጥቶ ጎንደር ገብቷል። እርሱ ወጣ፥ እኔ ግን የምወርድ ነኝ፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። በዳገት የሚደክመው ሳንባ ነው። በቁልቁለት ግን በየእርምጃው የሰውነት ክብደት ሁሉ በፊተኛው እግር ላይ ይወድቃልና ቁርጭምጭሚቱ ወደ ፊት መታጠፍ አለበት፤ የኔ ደግሞ ያን ያህል አይታጠፍም። በቅሎም ለዳገት እንጂ ለቁልቁለት አትሆንም፤ በእንዲህ ያለው ስፍራ ባለቤቷም ወርዶ ይስባታል።

የጫማዬን ማሰሪያ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ አጥብቄ፥ ዱላዬን አስቀድሜ፥ ቀጥ ብዬ ሳይሆን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተጠማዘዝሁ ወረድሁ። ከጽዱና ከወይራው በታች ኮረት የበዛበት አንድ ስፍራ ስንደርስ ቀኝ እግሬ ተንሸራተተ። አልወደቅሁም፤ ነገር ግን ያ የዳባቱ ድምፅ በጆሮዬ ተመልሶ መጣና ተቀመጥሁ፤ ተነሥ ብለው እግሬን ባዝዘውም እንቢ አለኝ። መንገድ አዋቂው ቸኩለው አላስነሡኝም። በቅሏቸውን አሥረው ከአጠገቤ ተቀመጡና፥ «ጌታው፥ አንቱ የሚረግጡትን ድንጋይ ነው የሚያዩ። እርሱን እግር ያየዋል፤ ዓይን የሚያየው ቀጥሎ ያለውን ነው» አሉኝ። ጥቂት ቆይቼ እንዳሉኝ አደረግሁ። ፍርሃቱ ባይለቀኝም እግሬ ታዘዘ። በዚያ ገደል እንደዚህ ያለ ትምህርት በነጻ ሲሰጥ፥ ከተማ ሆነን በገንዘብ የምንገዛው ምክር ብዛቱ አስገረመኝ።

ያን ማታ በድብ ባሕር አደርን። ወደ ዋልድባ ገዳም የሚጓዙ ምእመናንም እዚያው አርፈው ነበር። ከእነርሱ ጋር አንዲት ያረጁ መነኵሲት በባዶ እግራቸው፥ መቋሚያቸውን ብቻ ይዘው ሲሄዱ ባየሁ ጊዜ፥ ባለ ወፍራም ሶል ጫማዬን ከመደቡ በታች ገፋ አደረግሁት።

በማግሥቱ ብርዱ ቀርቶ ሙቀቱ ተተካ፤ በዙሪያችን ግራርና የማሽላ አገዳ በዛ። ከቀትር በኋላ እግሬ ከጫማው ሞልቶ ማበጡን ሳውቅ ክብሬን ዋጥ አድርጌ በበቅሎዪቱ ተቀመጥሁ። ዛሪማ ስትታይ ግን ከበቅሎ ወርጄ በእግሬ ገባሁ። ለምን እንዳደረግሁት አንባቢ ያውቀዋል።

አጎቴ ከደጃቸው ተቀምጠው ነበር። አዩኝ፥ እግሬንም አዩት። «ከደባርቅ በእግርህ?» አሉ። አዎን ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዳሩ ግን፥ «አያ፥ የመጨረሻውን በበቅሎ ነው የመጣሁ፤ ከከተማው ዳር ነው የወረድሁ» አልሁ። መንገድ አዋቂው ሳቁን ለመደበቅ ፊታቸውን ወደ በቅሎዪቱ አዞሩ። አጎቴ አልሳቁም። ለብ ያለ ውሃ በጨው አስመጥተው፥ ልጆቹን ከልክለው፥ እግሬን በገዛ እጃቸው አጠቡኝ። ከዚያም አውራ ጣታቸውን በውጭው ወገን ቀስ እያደረጉ አወጡት። «ይህች ናት ብረቲቱ?» ብለው ጠየቁ፤ የብሎኖቹንም ራስ ከቆዳው ሥር እየዳሰሱ እስከ አምስት ቈጠሩ። «ቀጥ አድርገው ገጥመውታል። እኔ የውስጡን ወገን እንዲህ አላደርገውም ነበር» አሉና ፎጣ አቀበሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ በሌሊቱም እንደ ድሮው የእናቴን የልጅነት ነገር ሲያጫውቱኝ አመሹ።

ከዚያ ወዲህ በ2013 እና በ2014 ዓ. ም. ጦርነት በዚያ መንገድ አልፎበታልና፥ እዚህ የጻፍሁት የኅዳር 2012ን ሰላም ነው፤ ዛሬ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የአገሩን ሁኔታ ይጠይቅ።

በሦስተኛው ቀን ጧት ከዛፍ የወደቀ አንድ እረኛ ልጅ በቃሬዛ ወደ አጎቴ መጣ። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው በሸምበቆ ጥብቅ አድርጎ አስሮታል። አጎቴ ጣቶቹን ነክተው ገና ሳይቀመጡ ማሰሪያውን ፈቱት፤ ቁርጭምጭሚቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ረዥም ጊዜ ዝም አሉ። የልጁ አባት ሸምበቆና ቅቤ ይዞ ይጠብቅ ነበር። «ይህ የራጅ ነው፤ ደባርቅ ውሰዱት» አሉት። ሰውየው ሲያመነታ ወደ እኔ እያመለከቱ፥ «ያን እይ፤ በብረት ሂዶ መጥቷል» አሉ፤ ጥቂት ቆይተውም፥ «ጥቂቱን በበቅሎ ነው» ብለው ጨመሩበት።

እኔም ወደ ደባርቅ የተመለስሁት በእግሬ አልነበረም። በአውቶቡሱ የኋላ ወንበር የልጁን እግር በጭኔ ላይ ይዤ፥ በየጥምዝምዙ ጣቶቹን እየነካሁ ሊማሊሞን ወጣን።