በፍላሽ የተቀመጠ ድምፅ

ግጥም በወረቀት ይኖራል፤ በቃልም ይኖራል። በፍላሽ ፋይል ውስጥ የሚኖር ግጥም ያጋጠማችሁ ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ? እኔ ዘንድ አንድ አለ።

በ2000 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ባልንጀራዬ አምስት ግጥሞቹን በገዛ ድምፁ አንብቦ፣ ስንኞቹ ከድምፁ እኩል እየተገለጡ እንዲሄዱ አድርጎ በፍላሽ ሠራቸው። ለምን በፍላሽ ቢሉ፣ ምክንያቱ የፊደላችን ጣጣ ነበር። በየኢንተርኔት ቤቱ የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ የአማርኛ ፊደል ይዞ አይመጣም ነበርና፣ የላክነው ግጥም ባዶ ሣጥን ብቻ ሆኖ ይደርስ ነበር። ፍላሽ ግን የፊደሉን ቅርጽ በፋይሉ ውስጥ አቅፎ ስለሚጓዝ «ሀ» በደረሰበት ሁሉ «ሀ» ነው።

የእኔ ኮምፒውተር ያኔም ኡቡንቱ ሊኑክስ ነበር፤ ቫይረስ ያሰለቸው ሰው የሚሸሸግበት ገዳም ልበለው። በእርሱ ላይ ፍላሽን ማስነሣት ግን ራሱን የቻለ ቅኔ ነበር። የአዶቤን ፕለጊን አውርዶ፣ ጥቅሉን ፈትቶ፣ ስሟ በነጥብ ወደሚጀምር፣ ለዓይን ወደማትታይ የሞዚላ ማኅደር መውሰድ፤ ከዚያም ፋየርፎክስን ዘግቶ መክፈት። ምስሉ መጥቶ ድምፁ ከቀረ ደግሞ ድምፅ ካርዱን ቀድሞ የያዘውን ሌላ ፕሮግራም ማደን ነው።

ባልንጀራዬ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ክረምት እናቱ «ድምፁ ያለበት ነገር አንተ ጋ አለ አሉኝ፤ እውነት ነው ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ፋይሉ አለ፤ ማጫወቻው የለም። አዶቤ ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ለፍላሽ የሚሰጠውን ድጋፍ አቋረጠ፤ ከጥር 4 ቀን ጀምሮም ማጫወቻው ራሱ ምንም እንዳይከፍት ተደረገ። ፋየርፎክስም በዚያው ጥር በ85ኛው እትሙ አሰናበተው። የደኅንነት ቀዳዳው ብዙ ነበርና ውሳኔውን አልነቅፍም፤ ሥራዬ ባንክ ቤት ስለሆነ የቀዳዳ ነገር ይገባኛል።

መላ የሆነኝ ራፍል የሚባል፣ ምንጩ ለሁሉ ክፍት የሆነ ሥራ ነው። የአዶቤን ፕለጊን አይሻም፤ ራስት በተባለው ቋንቋ ተጽፎ የፍላሽን ጠባይ ራሱ ይተውናል። የፋየርፎክስ ቅጥያውን ጫንሁ፤ የማጫወቻ ገጹን ከፍቼ ፋይሉን ሰጠሁት። ስውር ማኅደር ፍለጋ የለ፣ የትእዛዝ መስኮት የለ። ኋላ የመጣውን አክሽንስክሪፕት 3ን ገና ጨርሶ ባይችልም፣ የወዳጄ ሥራ ከዚያ በፊት በነበረው የተጻፈ ስለሆነ አንዲት ስንኝ አልጎደለችም።

ኮምፒውተሩን ይዤ ወደ እናቱ ቤት ሄድሁ። የመጀመሪያው ስንኝ ሲሰማ እጃቸውን አንሥተው ዝም እንድል አመለከቱኝ፤ እኔ ግን አልተናገርሁም ነበር። አምስቱንም ሰሙ። እንባ ጠብቄ ነበር።

«ጉንፋን ይዞት ነበር» አሉ። «ስማው፣ አፍንጫው ተዘግቷል። ሹራብ ልበስ ስለው እምቢ ይላል።»

ከዚያም ከመጀመሪያው እንድጀምርላቸው ጠየቁኝ።