በመዳፍ የሚያዝ መታሰቢያ

ንባብ፦ ኢያሱ 4፥1-9

የአሜሪካ የመታሰቢያ ሳንቲሞችን እንደምንሰበስብ ስንናገር አንዳንድ ቅዱሳን ፈገግ ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ወዲያው ማቴዎስ 6ን ያስታውሱናል። በምድር ላይ መዝገብ መሰብሰብ አይሆንም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነውና ዝም ብለን አናልፈውም። ባልና ሚስት ሆነን ባለፉት ዓመታት ካሰባሰብናቸው ሳንቲሞች አብዛኞቹ ከአንድ ምሳ ዋጋ ብዙም አይበልጡም። የወርቆቹን በፎቶ ነው የምናውቃቸው። ሀብት ማከማቸት ከሆነ በጣም ያልተሳካ ማከማቸት ነው ማለት ነው።

የሳበን ሌላ ነገር ነው። እስራኤል ዮርዳኖስን በደረቅ ከተሻገረ በኋላ እግዚአብሔር ከወንዙ መካከል አሥራ ሁለት ድንጋዮች እንዲነሡ አዘዘ። ድንጋዮቹ ውኃው ሲቆም ላዩት ሰዎች አላስፈለጉም፤ እነርሱ በዓይናቸው አይተዋል። ያስፈለጉት በዚያ ቀን ላልነበሩት ልጆች ነው። ልጆቹ አይተው እንዲጠይቁ፣ ወላጆችም ቁጭ ብለው እንዲነግሯቸው። እኛም አንድን የመታሰቢያ ሳንቲም የምንመዝነው በዚሁ ነው፦ ልጅ ቢያየው ምን ይጠይቃል? ሲጠይቅስ የሚነገረው እውነት አለ ወይ?

የመታሰቢያ ሳንቲም በየኪሳችን ከሚንቀጫቀጨው ሳንቲም ይለያል። ኮንግረስ በሕግ ይፈቅደዋል፣ ሚንት የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያትመዋል፣ የፈለገ ሰው ይገዛዋል። ሕጋዊ ገንዘብ ነው፤ ግን ዳቦ የሚገዛበት የለም። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1892 ለቺካጎው የኮሎምበስ ኤግዚቢሽን የወጣው ግማሽ ዶላር ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለመደ፤ በኋላም ተበላሸ። በ1936 ለሲንሲናቲ ከተማ የወጣውን ብቻ እንጥቀስ። ሲንሲናቲ የአሜሪካ የሙዚቃ ማዕከል የሆነችበት 50ኛ ዓመት መታሰቢያ ነው ይላል። ከዚያ 50 ዓመት በፊት፣ በ1886፣ ይህን የሚያሰኝ ምንም ነገር በከተማዋ አልተጀመረም። ፊቱ ላይ ያለው የዜማ ደራሲ ስቲቨን ፎስተርም በ1864 አርፏል። ለሰብሳቢ ለመሸጥ ሲባል የተፈጠረ መታሰቢያ ነው። ልጅ ቢጠይቀን የምንመልስለት የለንምና እኛ ቤት የለም። እንዲህ ያለው ነገር እየበዛ ሄዶ በ1954 ሥራው ቆመ፤ እንደገና የተጀመረው በ1982፣ ጆርጅ ዋሽንግተን የተወለደበት 250ኛ ዓመት ሲታሰብ ነው።

የወንጌል አማኝ ሰብሳቢዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚፈልጉት የ1920ውን የፒልግሪሞች ግማሽ ዶላር ነው። ገዥው ዊልያም ብራድፎርድ ባርኔጣ አድርጎ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ይታያል፤ ጀርባው ላይ ሜይፍላወር ሸራዋን ዘርግታለች። (መርከብ የሚያውቁ ሰዎች ከሸራዎቹ አንዱ በዚያ ዘመን ያልነበረ ዓይነት ነው ብለው ይቀልዳሉ።) በመርከቧ ከመጡት 102 መንገደኞች ግማሽ ያህሉ የመጀመሪያውን የብርድ ወቅት አላለፉም። ይህን ስናስብ ነው ያ በብብት የተያዘ መጽሐፍ ጌጥ መስሎ የማይታየን።

በ1924 የወጣው የሁጉኖቶችና የዋሉኖች ሳንቲም ግን ሁልጊዜ ያከራክረናል። በ1624 በኒው ኔዘርላንድ የሰፈሩትን ፕሮቴስታንቶች 300ኛ ዓመት ያስባል። ፊቱ ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች በ1572 በፓሪስ በቅዱስ በርተሎሜዎስ እልቂት የተገደለው አድሚራል ኮሊኚ እና በ1584 በነፍሰ ገዳይ ጥይት የወደቀው የኔዘርላንዱ ዊልያም ናቸው። ሁለቱም ሰፈራው ሳይታሰብ ሞተዋል። ጥያቄው ከአሜሪካ የአብያተ ክርስቲያናት ፌዴራል ካውንስል ሥር ካለ ኮሚሽን የመጣ ስለነበር፣ መንግሥት በሳንቲም ለአንድ ወገን ሰበከ ተብሎ በጊዜው ተነቅፏል። ኮሊኚን እናከብራለን፤ ነቃፊዎቹም ግን ውሸታሞች አይደሉም። ስለ እምነታቸው የሞቱ ሰዎች ምስክርነት የመንግሥት ማኅተም የጎደለው አይመስለንም።

ሳንቲም ላይ ስላለው የእግዚአብሔር ስምም እንዲሁ ነው የምናስበው። በ1861፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት፣ የፔንሲልቬንያው የባፕቲስት አገልጋይ ማርክ ዋትኪንሰን ለግምጃ ቤት ሚኒስትሩ ለሳልመን ቼዝ ደብዳቤ ጻፈ፤ የአገሪቱ ሳንቲም ለእግዚአብሔር እውቅና ይስጥ የሚል ነበር። “በእግዚአብሔር እንታመናለን” የሚለው ጽሑፍ በ1864 በሁለት ሳንቲሙ ላይ ወጣ። በ1907 ደግሞ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ቅዱሱ ነገር በገንዘብ ላይ ሲሆን ይቀልላል፣ ለዋዛም ይዳረጋል ብለው ከአዲሶቹ የወርቅ ሳንቲሞች እንዲቀር አደረጉ፤ ኮንግረስ በዓመቱ በሕግ መለሰው። እውነቱን ለመናገር ቤታችን በዚህ ጉዳይ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ አንዳችን ከዋትኪንሰን፣ አንዳችን ከሩዝቬልት ጋር ነን። ማን ከማን ጋር እንደሆነ አንናገርም።

ከሁሉ አብልጠን የምንወደው ከ1946 እስከ 1951 የታተመውን የቡከር ቲ. ዋሽንግተን ግማሽ ዶላር ነው። በአሜሪካ ሳንቲም ላይ መልኩ የወጣ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ጀርባውን ገልብጡት፤ ላይ በኩል ዓምድ ያለው የታላላቅ ሰዎች አዳራሽ፣ ታች በኩል ደግሞ ባሪያ ሆኖ የተወለደባት የእንጨት ጎጆ አለች። በመካከላቸው ያለው ጽሑፍ ከባሪያ ጎጆ እስከ ታላላቆች አዳራሽ የሚል ነው። ጎጆዋ አልተሸፈነችም፣ አላፈሩባትም። ሰውየውን ካከበሩበት ሕንፃ ጋር እኩል ቦታ አግኝታለች።

ሠዓሊው አይዛክ ሃታዌይም የራሱ ታሪክ አለው። አባቱ አገልጋይ ነበር። ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር ወደ ሙዚየም ሄዶ ከታዋቂ አሜሪካውያን ሐውልቶች መካከል የፍሬድሪክ ዳግላስን ፈለገ፤ የለም። ለምን እንደሌለ አባቱን ጠየቀ። የእኛን ሰዎች የሚቀርጽ የእኛ ቀራጭ ስለሌለ ነው የሚል መልስ አገኘ። ያ ልጅ አድጎ የአሜሪካን ሳንቲም የቀረጸ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። ሳንቲሙ በጊዜው እንደታሰበው አልተሸጠም፤ ብዙው ተመልሶ ቀለጠ። ስለዚህ አሁን አንዱን በእጃችን ስንይዝ ከእሳት እንደተረፈ ነው የምናየው።

ከዋጋ አንጻር ትንሹ፣ ቤታችን ውስጥ ግን ብዙ ያናገረን የ1986ቱ የነጻነት ሐውልት ግማሽ ዶላር ነው። ብር የለበትም፤ መዳብና ኒኬል ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ስለታተመ ዛሬም በርካሽ ይገኛል። ፊቱ ላይ ስደተኞችን የጫነች መርከብ ወደ ኒውዮርክ ወደብ ስትገባ ይታያል፤ ጀርባው ላይ አንድ ቤተሰብ ጓዙን ይዞ በአሜሪካ ደጃፍ ቆሟል። ከዚያ ዓመት ሳንቲሞች ሽያጭ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገኝቶ ሐውልቱንና ኤሊስ ደሴትን ለማደስ ውሏል።

ትንሿ ልጃችን ይህን ሳንቲም ይዛ ጓዛቸው ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀችን። ከዚያ ቀጥላ፣ “እናንተስ ስትመጡ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?” አለች። በርበሬና ሽሮ፣ አንድ ጋቢ፣ የጸሎት ጓደኞቻችን ሲሸኙን የሰጡን መጽሐፍ ቅዱስ አልናት። መጽሐፍ ቅዱሱን ከመደርደሪያ አወረድነው። በሽፋኑ ውስጥ በኩል አሥራ አንድ ሰዎች ስማቸውን ጽፈዋል፤ ሦስቱ ወደ ጌታ ሄደዋል። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብንላት፤ ማን ቤቱን ለጸሎት ይከፍት እንደነበር፣ ማን ለትኬቱ እንዳዋጣ፣ ማን ደግሞ በእንባ መናገር አቅቶት እንደቀረ ነገርናት። አሁን ፊደል እየቆጠረች ነው፤ ያንን ሽፋን ራሷ ማንበብ ትፈልጋለች።

አንድ ሌላ ሳንቲም እንጨምር። በ2009 የወጣው የሉዊ ብሬል የብር ዶላር ነው። ብሬል በሦስት ዓመቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት በወስፌ ተወግቶ ዓይነ ስውር የሆነ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በጣት የሚነበበውን ጽሕፈት የፈጠረ፣ በኋላም በፓሪስ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወት የነበረ ሰው ነው። ከሳንቲሙ ጀርባ አንድ ልጅ ዘንጉን በክንዱ ደግፎ መጽሐፍ ያነባል፤ ከላዩ ዘጠኝ ነጥቦች ከፍ ከፍ ብለው ተቀርጸዋል። የእንግሊዝኛ ብሬል ተማሪዎች የሚያውቁት የሦስት ፊደል ምኅጻር ነው። በጣት በእርግጥ እንዲነበብ ሆኖ የተሠራ የመጀመሪያው የአሜሪካ ሳንቲም ይህ ነው። ከእያንዳንዱ ሽያጭ አሥር ዶላር ለዓይነ ስውራን ልጆች የብሬል ትምህርት እንዲውል ተደርጓል።

ችግሩ ሰብሳቢዎች ሳንቲምን አይነኩም። እንደ መስታወት የሚያበራው ዓይነት በፕላስቲክ ማቀፊያው ታሽጎ ይቀመጣል፤ የጣት ቅባት ከነካው ቦታው ይጠቁራል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ የዓይነ ስውራን መታሰቢያ በየቤቱ ዓይነ ስውር ሊያነበው በማይችልበት ማቀፊያ ውስጥ ተቀምጧል። የእኛም እንዲሁ ነበር። በቤት ኅብረታችን በልጅነቱ አገር ቤት ብሬል የተማረ አንድ ወንድም አለ። አንድ ዓርብ ከጥናት በኋላ ሻይ እየጠጣን ስለ ሳንቲሙ ስናወራ ሰማንና “እስቲ አምጡት” አለ። ማቀፊያውን ከፍተን መዳፉ ላይ አኖርነው። በአውራ ጣቱ ፈለገው፤ በሌባ ጣቱ ነጥቦቹን ሁለት ጊዜ አለፈባቸው፣ “ብሬል ይላል” አለ፤ ከዚያም ከሥሩ ምን እንዳለ ጠየቀን። ልጁን፣ ዘንጉን፣ መጽሐፉን ነገርነው። ረዘም ላለ ጊዜ ይዞት ቆየ፤ ለልጆቹም ጣታቸውን ይዞ ነጥቦቹን አስቆጠራቸው።

ሳንቲም የሚያውቅ ወዳጃችን በኋላ አይቶት አዘነ፤ የጣት አሻራ በልጁ ምስል ላይ ታትሞ ቀርቷል። ማጽዳት ደግሞ ይብሱን ያበላሸዋል ብሎ አስጠነቀቀን። አላጸዳነውም። አሁን ያለ ማቀፊያ ከመጽሐፍ ቅዱሶቹ አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ ያ ወንድም በመጣ ቁጥር የት እንዳለ ያውቃል።