የእድር ብር

የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ተወዳድሬ እንዳይመስላችሁ። «አንተ መምህር ነህ፣ ጽሕፈት አያስቸግርህም» ብለው ደብተሩን አስታቀፉኝ፣ ይኸው አራት ዓመቴ።

ባለፈው ሐምሌ እኛ ሰፈር፣ ጎፋ፣ የአንዲት እናት ቤት የጓሮ ግድግዳ በሌሊት ዝናብ ተናደ። ጠዋት ስንደርስ እማማ ጀበናቸውን ታቅፈው ጎረቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። «በአልጋው በኩል ቢሆን ኖሮ ዛሬ ድንኳኑን ትተክሉልኝ ነበር» አሉን። ሳቅን። ከዚያ ዝም አልን። እውነታቸውን ነዋ! ሞተው ቢሆን ድንኳኑም ወንበሩም ብሩም ወዲያው ይደርስ ነበር። በሕይወት ላለ ሰው ግን ደንባችን ውስጥ አንቀጽ የለም።

ቤቱ የቀበሌ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ነው ለቀበሌ የተሰጠው። ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ አዳሽ የለውም፤ ተከራዩም የራሱ ስላልሆነ ገንዘቡን አያፈስበትም። በየክረምቱ በጎ ፈቃደኞችና ባለሀብቶች የአቅመ ደካሞችን ቤት ሲያድሱ በቴሌቪዥን ታያላችሁ። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ተራው እኛ ጋ እስኪደርስ ግድግዳው አልጠበቀም።

እሁድ ስብሰባ ጠራን። አንድ አባት ተነሱና «እድር ለቀብር ነው። ዛሬ ለእሳቸው ካወጣን ነገ የሁላችንም ጣሪያ ያፈሳል። ሰው ሲሞትስ በምን እንቅበር?» አሉ። ተናደድኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሂሳቡን ሳየው ግን ልክ ናቸው፤ ያለን ብር ግማሽ ግድግዳ አያቆምም።

በሚቀጥለው እሁድ «እሺ፣ ብሩ አይነካ። ማኅተሙን ስጡኝ» አልኩ።

ወገን፣ የማኅተም ጉልበት ያወቅኩት ያኔ ነው። ደብዳቤ ይዘን ከወረዳ የእድሳት ፈቃድ ካገኘን በኋላ ነጋዴዎቹ ጋ ሄድን። በግሌ ብጠይቅ አንድ ሚስማር የማይሰጠኝ ሰው፣ ለእድር ሲሆን እጁ ተፈታ። እናቱን የቀበረለት እድር ነዋ! ብሎኬት የሚያመርተው ብሎኬት ሰጠ፤ የሕንፃ መሣሪያ ሻጩ ሲሚንቶና ቆርቆሮ፤ እንጨት ቤቱ ሞራሌ። ባለወፍጮው አይሱዙውን ለሁለት ቀን አዋሰን። ዳቦ ቤቷ ለሠራተኛው ቁርስ ቻለች። ተማሪዎቼ አሸዋ ተሸከሙ (ክፍል ውስጥ ቾክ ማንሳት የሚከብደው ልጅ ሁሉ)። እድሩ የሰጠው ድንኳንና ድስት ነው። እማማ ግንባታው እስኪያልቅ የእድሩ ድንኳን ውስጥ አደሩ፤ በሕይወት እያሉ።

አንዱ ነጋዴ የሱቁን ስም ግድግዳው ላይ ልጻፍ አለ። ያ ስብሰባ ላይ የተቃወሙት አባት ናቸው የመለሱለት፦ «እሳቸው ማስታወቂያ ሰሌዳ ሆነው አይኖሩም»። አኮረፈ። ከሳምንት በኋላ ቀለሙን ላከው፣ ስም የሌለበት።

እኔስ? እኔ ተከራይ ነኝ። በ2005 ክረምት ለ20/80 ባለ አንድ መኝታ ተመዝግቤ በወር 274 ብር ስቆጥብ ገና ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ። አሁን ሁለት ልጆች አሉኝ። ሐምሌ 2014 ዕጣ ወጥቶ፣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ በቀናት ውስጥ ሲሰረዝ ምን እንደተባባልን ታስታውሳላችሁ። ከመምህራን ጋር በማኅበር ተደራጅተን ለመሥራትም አስበን ነበር፤ ቀድሞ ባንክ ገብቶ የሚዘጋውን ብር ስናሰላው ሻያችንን ጠጥተን ተበተንን። የኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016፣ በዘፈቀደ መጨመርን ስለከለከለ ቢያንስ እንቅልፍ ሰጥቶኛል። ጣሪያ ግን አልሰጠኝም።

ባለቤቴ ሲሚንቶ የነካው ሱሪዬን እያጠበች «የሰው ቤት ሠርተህ ጨረስክ፣ የእኛስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ግድግዳ መጠገንና ቤት ለሌለው ቤት መሥራት አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሁለተኛው መሬት ይፈልጋል፣ ብድር ይፈልጋል፤ በእድር ማኅተም አይገኝም።

እማማ መስከረም ላይ ገቡ። አሁን የሁለተኛ ቤት ደብዳቤ ጽፈናል፤ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ የሚኖርበት ነው። ብሎኬቱ ቃል ተገብቷል፤ 22 ቆርቆሮና ሁለት ቀን የሚሠራ አናጢ ይጎድለናል። የምትችሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ደረሰኝ በማኅተም እንሰጣለን። ባነር የለም።