ጎርጎራ፤ የጣና ሰሜናዊ ዳርቻ

ኮልፌ ቀራንዮ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን የኢትዮጵያን ካርታ በሰሌዳ ላይ ሥዬ ጎረቤት አገሮችን በማሳይበት ቀን አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፤ «መምህር፣ እኛ የባሕር ዳርቻ የለንም?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ በቀይ ባሕር ላይ ረጅም ዳርቻ እንደ ነበረን፣ ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ግን አንድም ጠረፍ እንዳልቀረን ነገርሁት። ልጁም የተቀማ ያህል አዝኖ ተቀመጠ።

ማታ ግን መልሴ ጎዶሎ መሆኑ ታወቀኝ። በልጅነቴ ከየኔታ ዘንድ ግእዝ ስማር «ሐይቅ» የሚለው ቃል የባሕር ዳር፣ ጠረፍ ማለት ጭምር እንደ ሆነ ተምሬ ነበር። በአማርኛችን ቃሉ ከዳርቻው ተነሥቶ ወደ ውኃው ተሻገረና ሐይቅ ስንል ውኃውን ብቻ የምናስብ ሆንን። የጣና ሰዎች ግን ውኃቸውን ዛሬም ባሕር ይሉታል፤ ትልቁም ከተማቸው ባሕር ዳር ይባላል። ስለዚህ በማግስቱ ልጁን ጠርቼ፣ ዳርቻ አለን፤ እኔም አይቼዋለሁ አልሁት። ያየሁትንም ለእናንተ ለአንባብያን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. የጽዋ ማኅበራችን አባላት 14 ሆነን የጥምቀትን በዓል በጎንደር ለማክበር ከኮልፌ ተነሣን። በዓሉ ካለፈ በኋላ ከመካከላችን አንዱ፣ በአጠና ተራ እንጨት የሚነግድ ወንድማችን፤ «እዚህ ድረስ መጥተን ጣናን ሳናይ ብንመለስ ያስቆጫል» ስላለ መኪናችንን ወደ ደቡብ መለስን። መንገዱ በአዘዞ አድርጎ፣ ቆላ ድባንና ጯሂትን አልፎ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጎርጎራ ላይ ያበቃል። በግራና በቀኝ የሚታየው የደምቢያ ሜዳ ነው። መሬቱ ጥቁር መረሬ ሲሆን ጤፍና ሽንብራ ይበቅልበታል። ባሕሩ ክረምት ሞልቶ በበጋ ሲሸሽ፣ በዳር ያሉት ገበሬዎች ውኃው በለቀቀው እርጥብ አፈር ላይ ተከትለው ይዘራሉ። በሽንብራው ማሳ መካከልም የአውሮጳን ብርድ ሸሽተው የመጡ እግረ ረጃጅም ወፎች በመንጋ ሆነው ሲለቅሙ አየን።

ወደ ጎርጎራ ስንቃረብ ባሕሩ ከዛፎቹ መካከል ብቅ አለ። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን ጥቂት ነው፤ በእጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ፣ በሐሩር ክልል ውስጥ ቢገኝም ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ነፋሻ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚባሉት ወንዞች ይገቡበታል፤ የሚወጣው ግን ዓባይ ብቻ ነው። በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ወደ 15 የሚጠጉ የዓሣ ዓይነቶች ይኖሩበታል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ለመራባት በክረምት ወደ ወንዞቹ የሚወጡ ናቸው። ስለዚህም ወንዙን የሚያቆሽሽ ሰው ባሕሩን ያራቁታል። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በዓለም ባዮስፌር መዝገብ ላይ ያሰፈረው ይህንና ይህን የመሳሰለውን ሀብት አይቶ ነው።

ዳርቻው ጸጥ ያለ ነው። የወርካ ዛፎች ጥላቸውን እስከ ውኃው ይጥላሉ። ዓሣ አጥማጆች ከደንገል በታሰረ ታንኳ ተቀምጠው ረጅም በትር እየገፉ ያልፋሉ። ይህን የታንኳ አሠራር ከሁሉ ይልቅ ጠብቀው ያቆዩት ነገደ ወይጦ የሚባሉት የባሕሩ ልጆች ናቸው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ አንዱ ታንኳ ብዙ ሳያገለግል ይበሰብሳል፤ እነርሱም ዘወትር አዲስ ያስራሉ። ምሳችንንም ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ተጠብሶ በላን፤ ለወጡ ደግሞ አምባዛ ይሻላል ብለው ባለቤቲቱ መከሩን።

ከምሳ በኋላ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳለምን። ቤተ ክርስቲያኒቱ ክብ ስትሆን ግድግዳዋ የእንጨትና የጭቃ፣ ክዳኗ ሣር ነው። በመቅደሷ ዙሪያ ያሉት ሥዕሎች ከዐፄ ፋሲል እኅት ከወይዘሮ መለኮታዊት ስም ጋር ተያይዘው ይነገራሉ። በማግስቱ ጧት፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ማዕበል ስለሚያስነሣ ማልደን፣ በሞተር ጀልባ ወደ ማንዳባ መድኃኔ ዓለም ገዳም ተሻገርን። ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ እኅቶቻችን ከመግቢያው ላይ ቆይተው ጸለዩ፤ እኛም መነኮሳቱን እንዳናውክ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ጥቂት ቆይተን ወጣን።

ከዚያም ጀልባው ወደ አሮጌው ጎርጎራ ወሰደን። እዚህ ላይ ታሪክ መጥቀስ ግድ ይሆናል። ይህን ዳርቻ ወድዶ ገንዘቡን ያፈሰሰ የመጀመሪያ ሰው የዛሬ ባለሀብት አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ በዚሁ ከተሙ፤ ጴጥሮስ ጳኤዝ የሚባለው የኢየሱሳውያን ካህንም ሁለት ደርብ ያለው የድንጋይ ቤተ መንግሥት ሠራላቸው። ኋላም በኖራ የተያያዘ ጥርብ ድንጋይና ቅርጽ ያለበት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ቆመ፤ ዛሬ ማርያም ግምብ የሚባለው ፍርስራሽ የእርሱ ነው። ንጉሡ በ1614 ዓ.ም. የሮማን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ አገሩም በደም ተነከረ። በ1624 ዓ.ም. ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ የአባቶች ሃይማኖትም ተመለሰች። ግምቡ ግን ጠባቂ አጣ። ዛሬ በቆመው ግድግዳ ላይ ዛፍ በቅሎበታል፤ ድንጋዩም በሣር ውስጥ ተበትኖአል።

እኔም ቁሜ ሁለቱን አነጻጸርሁ። የንጉሡ ድንጋይ ወድቆ የገበሬው ጭቃና ሣር ቆሞአል። ምክንያቱ ምንድር ነው? ጭቃው ከድንጋይ ስለ ጠነከረ አይደለም። የደብረ ሲና ክዳን ባረጀ ቁጥር ሣር የሚያጭድ፣ የሚሸከምና የሚከድን ሕዝብ ስላለ ነው። ግምቡን የሠራው ከሩቅ የመጣ ጥበብና ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነበረ፤ ትእዛዙ ሲቀር እጅ ሊሰጠው የወደደ የአገር ልጅ አልተገኘም።

በዚያን ጊዜ በጎርጎራ ዳርቻ አዲስ ሥራ ይሠራ ነበር። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. «ገበታ ለሀገር» ብሎ ከሰየማቸው ከሦስቱ ስፍራዎች፣ ማለት ከጎርጎራ፣ ከወንጪና ከኮይሻ አንዱ ይህ ነውና፤ ድንጋይ የሚጠርቡ፣ መንገድ የሚያስተካክሉና ግድግዳ የሚያቆሙ ሠራተኞች ስፍራውን ሞልተውት ነበር። ብዙ ወጣቶች የቀን ሥራ አግኝተው ደስ ብሎአቸው አየን። የአጠና ነጋዴው ወንድማችን ይህን ባየ ጊዜ ልቡ ተነሣሣ። «ዛሬ እዚህ ቦታ የያዘ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ባለጸጋ ነው። ማኅበራችን ገንዘብ አዋጥቶ ለምን የእንግዳ ማረፊያ አይሠራም?» አለን። ብዙዎቻችንም ሐሳቡን ወደድነው፤ እኔም አንዱ ነበርሁ።

ይህን ስንነጋገር አንድ ሽማግሌ ከወርካው ሥር ተቀምጠው ያደምጡን ኖሮ፤ «ልጄ፣ አገርህ ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዲስ አበባ ነው አባቴ፤ ኮልፌ ቀራንዮ የሚባል።»

«ከተማ ነው ወይስ ገጠር?»

«ቀድሞ ገጠር ነበር፤ አሁን ከተማ ሆኖአል።»

ሽማግሌውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፤ «የገጠሩ ሰዎችሳ ወዴት ሄዱ?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ አፌን የሚከፍትልኝ መልስ አጣሁ። ልጅ ሳለሁ ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ወዲያ ያለው ገብስና ጤፍ የሚዘራበት እርሻ ነበረ፤ በወንዙም እንዋኝ ነበር። በኋላ ቤት በቤት ላይ ተሠራበት። በሠፈራችን አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ፤ መሬታቸው ተወስዶ የተሰጣቸው ገንዘብ ብዙ ሳይቆይ አለቀ። እርሳቸውም በገዛ ማሳቸው ላይ በተሠራው ቤት ደጅ ዘበኛ ሆነው ቆብ ደፍተው ሲቆሙ አይቼአቸዋለሁ። በበዓል ቀን ሳልፍ ሰላም ስላቸው ዓይናቸውን ወደ መሬት ይጥሉ ነበር። ወንዙም ዛሬ ልጅ የሚዋኝበት አይደለም። ይህን ሁሉ ለጎርጎራው ሽማግሌ ለመናገር አፈርሁ፤ «ጥቂቶቹ አሁንም እዚያው አሉ» ብዬ አለፍሁት።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የሚደርስ አይደለም። በሜክሲኮ አገር ካንኩን የሚባለው ዳርቻ በ1962 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ሲጀመርበት ሰው እምብዛም የማይኖርበት አሸዋ ነበረ። ዛሬ በየዓመቱ ሚሊዮን እንግዶች ይጎርፉበታል፤ ብዙ ሰውም እንጀራ አግኝቶበታል። ነገር ግን በውኃው ዳር የነበሩት ዛፎች ተቆርጠው፣ የአሸዋው ክምር በሆቴል ስለ ተተካ፣ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጣው ዐውሎ ነፋስ ዳርቻውን ጠረገው፤ መንግሥትም ከባሕር ሥር አሸዋ እያስቀዳ በብዙ ገንዘብ ለመመለስ ተገደደ። በአገራችንም የአብጃታ ሐይቅ ለሶዳ ፋብሪካና ለመስኖ ውኃው ሲቀዳ ኖሮ ዳርቻው ወደ ኋላ ሸሽቶአል። በጣና ራሱ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ የሚባለው አረም በደምቢያ በኩል ተስፋፍቶ ዓሣ አጥማጁንና ገበሬውን አስቸግሮአል። ከእርሻና ከከተማ የሚፈስሰው እድፍም አረሙን ያፋፋዋል።

እንግዲህ ዳርቻው ይዘጋ፤ ባለሀብት አይምጣ ማለቴ አይደለም። ድህነት ውበትን አይጠብቅም፤ ሥራ ያጣ ወጣት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል። ነገር ግን ገንዘቡን በዚያ ለማዋል የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ይህን ይወቅ፤ እንግዳው የሚመጣው ሆቴሉን ሊያይ አይደለም፤ ሆቴል በአዲስ አበባም ሞልቶአል። የሚመጣው ጸጥታውን፣ ወፉን፣ ታንኳውንና ገዳሙን ፈልጎ ነው። ዳርቻውን አጥሮ ዓሣ አጥማጁን የሚያባርር፣ እድፉን ወደ ባሕሩ የሚለቅ፣ ማታ በጭፈራ መነኮሳቱን የሚያውክ ባለሀብት የሚሸጠውን ዕቃ ራሱ ያቃጥላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ማስለቀቂያ አዋጅ ለባለይዞታው መሬቱን በፕላኑ መሠረት ራሱ እንዲያለማ ቅድሚያ ሰጥቶት ነበር፤ ሐሳቡ መልካም ነው። ገበሬው መሬቱን እንደ ድርሻ አግብቶ፣ ልጁ ጀልባ ነጂ፣ መንገድ መሪና አስተናጋጅ ብቻ ሳይሆን የትርፉም ተካፋይ ቢሆን፣ ክዳኑ ሲያረጅ የሚከድን ሰው አይጠፋም።

የሚጎበኘውም ሰው ግዴታ አለበት። አጎበር ይያዝ፤ ደምቢያ ወባ አለበት። በባሕሩ ዳር ብልሃርዚያ ስላለ ልጆቹን በቆመ ውኃ ውስጥ አያስገባ። ጀልባ ከጧት ይከራይ፤ የገዳሙን ሥርዓት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ምሳውን ከሠፈሩ ሰው ይግዛ፤ ፌስታልና ጠርሙሱን ይዞ ይመለስ።

ማኅበራችን ኮልፌ ከተመለሰ በኋላ ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ መከረ። በመጨረሻም መሬት መያዙን ትተን፣ የተዋጣውን ገንዘብ ለአንድ የዳርቻው ቤተሰብ የሞተር ጀልባ መግዣ በብድር ለመስጠት ተስማማን። የአጠና ነጋዴው ወንድማችን ግን በሐሳቡ ጸና፤ «እኛ ብንተወው ሌላው ይይዘዋል» አለ። ንግግሩ ሐሰት ስላልሆነ ልንመልስለት አልቻልንም።

ብድሩ ሳይላክ በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በክልሉ ጦርነት ተነሣ፤ መንገዱም አስጊ ሆነ። የጎርጎራው ሥራ ከዚያ ወዲህ ተጠናቅቆ ሎጁ ቆሞአል። እንግዳ እንደ ልቡ የሚመላለሰው ግን ሰላም ሲኖር ነው፤ የተዋጣውም ገንዘብ በማኅበሩ ሣጥን እንደ ተቀመጠ ነው።

ተማሪዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ፤ «መንገዱ ሲከፈት ይወስዱናል?» አለኝ። እወስዳችኋለሁ ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ። በደረስን ጊዜ አስቀድመን ወደ ሎጁም ወደ ግምቡም አንሄድም፤ ከወርካው ሥር ሽማግሌውን ፈልገን፣ በሕይወት ከቆዩን፣ ልጆቻቸው በዚያ ዳርቻ ምን ሆነው እንደሚኖሩ እንጠይቃቸዋለን።