አትንካ!

በየሳሎናችን ጥግ የሚቆመውን ቡፌ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የመስታወት በሩ ይቆለፋል፤ ቁልፉ የእማወራዋ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ውስጡ ስድስት ስድስት እየሆኑ የተደረደሩ ሲኒዎችና ብርጭቆዎች አሉ። ‹‹ለእንግዳ ናቸው›› ይባላል። እንግዳው ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ሠርጉ መጥቶ ይሄዳል፣ ልቅሶው መጥቶ ይሄዳል፣ ሲኒዎቹ ንቅንቅ አይሉም። የቤቱ ልጆች ስለ ቡፌው የሚያውቁት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ‹‹አትንካ!››

በኔ ቡፌ ውስጥ ሲኒ አልነበረም። ባቡር ነበር። ያውም ሦስት።

አትሳቁ። ባትሪ የምትጎርስ አሻንጉሊት አይደለችም የምላችሁ። ትልቋ ክንድ አትሞላም፤ ነገር ግን የእውነት ባቡር ናት። የናስ ጋን አላት፤ ውሃ ይሞላበታል። ከሥሩ እሳት ይነድዳል። ውሃው ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ከውሃው ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ሲያጣ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑም ጎማውን ያዞራል። በቃ ይኸው ነው። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ሰውና ቡና የጎተተው ትልቁ ባቡርና የኔዋ ሚጢጢ የሚተዳደሩት በአንድ ሕግ ነው።

የመጀመሪያዋን የገዛኋት በ1995 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ለትምህርት በሄድኩበት ጊዜ ነው። እዚያ ጡረታ የወጡ ሐኪሞች፣ መምህራን፣ ቀሳውስት ሳይቀሩ በጓሯቸው ጎመንና ጽጌረዳ መሐል 32 ወይም 45 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ሃዲድ ዘርግተው፣ ተንበርክከው ባቡር ሲነዱ ይውላሉ። ማኅበር አላቸው፣ መጽሔት አላቸው። ‹‹የጠገበ ሕዝብ!›› ብዬ አለፍኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ የቅዳሜ ገበያ ላይ በጫማ ካርቶን የተጠቀለለች ‹‹ማሞድ›› የተባለው ፋብሪካ ሥራ አየሁና ለመጻሕፍት የያዝኩትን ገንዘብ አስረክቤ ተመለስኩ። ሥነ ጽሑፍ ሊያጠና የሄደ ሰው! ሁለቱ በኋላ የመጡ ናቸው። ሱስ መሆኑ ነው እንግዲህ።

ለምን እንደወደድኳት ያወቅሁት ግን ቆይቶ ነው። ፎንቆ ልጅ ሆኜ እህል ተሸክመን የምንሄድበትን ወፍጮ ‹‹ባቡር›› ነበር የምንለው። ‹‹ባቡር ልሂድ›› ያለች ሴት ልትሳፈር ሳይሆን ልታስፈጭ መሄዷ ነው። ቃሉን ብትመረምሩት ከጣልያንኛው ‹‹ቫፖሬ›› ጋር ይዛመዳል፤ እንፋሎት ማለት ነው። ሃዲድ ዞር ብሎ ያላያት ፎንቆ እንፋሎትን በስም ታውቀው ነበር። እኛ ልጆቹ የወፍጮውን ቱክ ቱክ እየሰማን በር ላይ እንቆማለን። ለምን እንደሚዞር ብንጠይቅ ባለ ወፍጮው መልሱ አጭር ነበር፤ ‹‹አትንካ! ወዲያ በል!››

አገራችንም ከእንፋሎት ጋር የተዋወቀችው በሩቁ ነው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ ሲመጡ ዙላ ላይ ሃዲድ ዘርግተው ጓዛቸውን በባቡር አጓጉዘዋል፤ እነሱ ሲወጡ ባቡሩም አብሯቸው ወጣ። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡር ውሉን ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ፤ ሃዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በመሐሉ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ አስመጥቶ ሕዝቡ ‹‹የሰርኪስ ባቡር›› አለው። እንደሚነገረው ‹‹ሰባራ ባቡር›› የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ያ ባቡር ተበላሽቶ ከቆመበት ነው። እኔን የሚደንቀኝ መበላሸቱ አይደለም፤ ብረት ይበላሻል። በቆመበት ስም አውጥተንለት መቅረታችን ነው። ድሬዳዋ ግን ሌላ ታሪክ አላት። እዚያ ወርክሾፕ ስለነበረ፣ ሰው ብረቱን እየፈታና እየገጠመ ስላደገ፣ ባቡር ሲበላሽ የሰፈር ስም አይሆንም ነበር፤ ይጠገናል።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ።

በ1998 ዓ.ም. የወንድሜ ልጅ ከፎንቆ አዲስ አበባ መጥቶ እኛ ቤት መማር ጀመረ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ገና በገባ ቀን ቡፌው ፊት ቆመ፤ ከዚያ ቦታ አልጠፋም። ‹‹ጋሼ፣ ይሄ ቀዳዳ ምንድነው? ይሄኛውስ?›› ይላል። እኔም መምህር አይደለሁ? ቁጭ አድርጌ በቃል አስረዳሁት። ስለ እንፋሎት አንድ ሰዓት ሙሉ ሌክቸር ሰጠሁት፤ እንድትነድድ ግን አንድም ቀን አልፈቀድኩም። ትቧጨራለች፣ ቀለሟ ይሄዳል፣ መለዋወጫ አይገኝም... ሰበብ መች ጠፍቶኝ!

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ ልጁ ሳሎን መሐል ጋዜጣ አንጥፎ ማሞዷን በታትኗታል። የደህንነት ቫልቩን፣ ፊሽካዋን፣ ብሎኖቿን በተርታ ደርድሯቸዋል። ዛሬ ሳስበው አደራደሩ ሥርዓት ነበረው፤ በፈታበት ቅደም ተከተል ነው ያስቀመጣቸው። የዚያን ቀን ግን ያየሁት ፍርስራሽ ብቻ ነው። በጥፊ መታሁት። ‹‹ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም›› አልኩና ራሴ ልገጥማት ተቀመጥኩ። አቃተኝ። በሳምንቱ ሁላችን ስንተኛ ገጥሟት አደረ። አላመሰገንኩትም። ቡፌውን ቆለፍኩ።

በ2003 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤት አልመጣለትምና ወደ ፎንቆ ተመለሰ። ከዚያም ብዙዎቹ የሆሳዕና አካባቢ ወጣቶች እንዳደረጉት ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። ስለዚያ መንገድ ለናንተ አልነግራችሁም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለ ቦታ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ሲገኙ፣ እሱ ካለፈ ዓመታት ቢሆነውም፣ ያን ዕለት ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። በጥፊዬ ምክንያት ሄደ አልልም፤ እንዲያ ማለት ራስን ማግዘፍ ነው። ብቻ በቤቴ የሆነ ነገር መሥራት የምትችል እጅ ነበረች፤ ያቺን እጅ የመታኋት እኔ ነኝ።

አምና ደወለልኝ። ሱቅ አለው። ከሱቁ ጎን የተበላሸ ፍሪጅና የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። ‹‹ማን አስተማረህ?›› አልኩት።

‹‹ማንም። ነክቼ ነዋ!›› ብሎ ሳቀ። ከዚያ ዝም አለና፣ ‹‹ጋሼ፣ ያቺ ባቡር አለች?›› አለኝ።

ለያሆዴ በዓል ፎንቆ ስወርድ ማሞዷን በጫማ ካርቶን ይዣት ሄድኩ። አታካናው ተበልቶ፣ ምርቃቱ አልቆ፣ በማግሥቱ ከወንድሜ ጓሮ እንሰቱ ሥር ሳንቃ አነጠፍን፤ ሃዲዱንም ላዩ ላይ ክብ አድርገን ገጠምነው። ሥራው ያኔ ጀመረ። የፋብሪካው ማንደጃ በጠጣር ነዳጅ ነው የሚሠራው፤ እሱን አውሮፕላን አያስጭኑም። ስለዚህ ሆሳዕና አንድ ቆርቆሮ ሠሪ በፋኖስ ክር የሚነድድ የአልኮል ማንደጃ አበጀልኝ። አንዱ ጎረቤት ‹‹አረቄ ይሞከር›› አለ። አረቄ በዚያ ጴንጤ ቤት መግባቱ ራሱ አንድ ታሪክ ነው። ለማንኛውም እምቢ አለ፤ ግማሽ የሚያህለው ውሃ ነው፣ አይረባም። ከፋርማሲ የመጣው 95 ከመቶ አልኮል በሰማያዊ ነበልባል ነደደ። ውሃውን ከጣሪያ ከተጠራቀመው ዝናብ ቀዳን፤ የጉድጓድ ውሃ ኖራው ጋኗ ውስጥ ይጋገራል። ፎንቆ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላ ለመቀቀል እርግማን ነው፤ ለኛ ግን ፈጠነልን።

ሄደች! ግማሽ ዙር። ከዚያ ቆመች። ሃዲዱ አንድ ጎኑ ከፍ ብሏል፤ እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ዳገት አትወድም። እኛ ትልልቆቹ በዓይናችን እየለካን፣ ድንጋይ እየከተትን እየነቀልን አንድ ሰዓት ተጨቃጨቅን። የወንድሜ የመጨረሻ ልጅ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ጠፋ ብላ ግልጽ የፕላስቲክ ጎማ ይዛ መጣች። ውሃ ሞላችበትና አንዱን ጫፍ ለኔ ሰጠችኝ። ‹‹ጋሼ፣ እዚያ ያዝልኝ። ውሃው እኩል እስኪሆን አትንቀሳቀስ።››

ግንበኞቹ ዘዴውን ሲጠቀሙ አይታ ነው። ወንድሟ በላከው ገንዘብ የተሠራውን ቤት መሠረት ሲያወጡ አጠገባቸው ቆማ አይታለች። ወንድሟን ግን በስልክ እንጂ በአካል አታውቀውም፤ እሱ ከሄደ በኋላ ነው የተወለደችው።

ሃዲዱ ተስተካከለ። ቪዲዮ ደወልንለት። ባቡሯ እንሰቱን እየዞረች፣ ነጭ እንፋሎት እየተፋች ስትሄድ የሰፈሩ ልጆች ጩኸት ስልኩን አደነቆረው። እሱ አልጮኸም። ‹‹ጋሼ፣ ቫልቩን አይተዋታል? ከጋኑ ጋር የምትገጥምበት ቦታ ትንሽ ትላላለች›› አለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ! እጄን ልሰድ ስል ሕፃኗ ቀደመችኝ፣ እኔም ‹‹አት...›› ብዬ ጀመርኩ። ከአፌ መለስኩት። ‹‹አሁን ታቃጥላለች። እሳቱ ይጥፋ፣ ትቀዝቅዝ፣ ከዚያ በጨርቅ ይዘሽ ወደ ቀኝ አጥብቂያት›› አልኳት።

እንግዲህ ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ያልገባኝ ነገር ይኼ ነው። እሳት ያቃጥላል፣ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ልጅን መጠንቀቅ ያለ ነው። ነገር ግን ‹‹አትንካ›› እና ‹‹እንዲህ አድርገህ ንካ›› ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው። አንደኛው ሰባራ ባቡር ነው፤ ሁለተኛው የድሬዳዋ ወርክሾፕ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከጅቡቲ ጋር ሲያገናኘን ሁላችንም አጨብጭበናል። ጭብጨባው ጥሩ ነው። እኔ የምጠይቀው፣ ይህን ባቡር ነገ የሚፈታውና የሚገጥመው ልጅ ዛሬ በየትኛው ሳሎን፣ በየትኛው ቡፌ ፊት ቆሟል ነው።

ማሞዷን ፎንቆ ትቻት መጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እስከ ወራቤ ድረስ ሆዴን ሲቆርጠኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ‹‹ጋሼ፣ ፊሽካዋ እምቢ አለች። ፈታኋት። አልተቆጣህም አይደል?››

አልተቆጣሁም። ማለቴ... ትንሽ። ‹‹በፈታሽበት ቅደም ተከተል አስቀምጠሻቸዋል?›› አልኳት።

‹‹አዎ። ጋዜጣ ላይ።››