ዶሮና አበባ በአንድ ግቢ፤ በቢሾፍቱ ጓሮዎች ያየነው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ አቃቂንና ዱከምን አልፎ 50 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ቢሾፍቱ ይደርሳል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ ላይ የተቈረቈረች ስትሆን፣ አየሯ እንደ እንጦጦ ግርጌ የማይበርድ፣ እንደ አዋሽ ሸለቆም የማያቃጥል ነው። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የቦረቦረውን ጉድጓድ ውሃ ሞልቶት ቢሾፍቱ፣ ሆራና ባቦ ጋያ የሚባሉት ሐይቆች ተፈጥረውባታል። ስለዚህም ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በውሃው ላይ ነው፤ በመስከረም ወር ማብቂያ ገደማም የኢሬቻ በዓል በሆራ አርሰዲ ሲከበር ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሕዝብ መንገዱን ይሞላዋል።

እኛ ግን በዚህ ጉዟችን ሐይቆቹን ወደ ኋላ ትተን የሕዝቡን የመኖሪያ ግቢ፣ ይልቁንም ጓሮውን ለመመልከት ፈለግን። ምክንያቱም ቢሾፍቱ የሐይቅ ከተማ ብቻ ሳትሆን የዶሮ ከተማም ናት። በጤፍ ዘር ማሻሻል ስሙ የታወቀው የግብርና ምርምር ማዕከል የዶሮን ርባታ ለብዙ ዘመን ሲያጠና የኖረው በዚህች ከተማ ነው። የአገራችን የከብትና የዶሮ ክትባት የሚዘጋጅበት ብሔራዊ ተቋምም የሚገኘው በዚሁ ነው። በሺህ የሚቈጠር ዶሮ የሚያረቡ ድርጅቶችም በዙሪያዋ ይገኛሉ። እንግዲህ ትልልቆቹ እንዲህ ከሆኑ፣ አምስትና ስምንት ዶሮ ያላት የቤት እመቤት ጓሮ እንዴት ነው? ለማወቅ የወደድነው ይህን ነበር።

ዶሮና አትክልት በአንድ ግቢ አይስማሙም የሚል አሳብ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ሥር ሰዶ ይገኛል። ባለቤትየው ግቢው አምሮ፣ አበባው ፈክቶ እንዲያይ ይሻል፤ እመቤቲቱ ደግሞ ለልጆቿ እንቁላል፣ ለበዓል ዶሮ ከጓሮዋ እንዳይታጣ ትፈልጋለች። ዶሮዋ ግን ትላንት የተተከለውን ችግኝ ዛሬ ጭራ ትነቅለዋለች፤ በረንዳውንም ታበላሸዋለች። በመጨረሻ ወይ ዶሮዋ ትታረዳለች፣ ወይ አበባው ይቀራል። ነገሩን በቅርብ ስንመረምረው ግን ጥፋቱ የዶሮዋም የአበባውም ሆኖ አላገኘነውም፤ ለእያንዳንዳቸው ቦታ ለይቶ ያለመስጠት ነው።

ከሆራ ሐይቅ ብዙ ሳንርቅ ያየነው አንድ ግቢ ይህን በደንብ ያስረዳል። ስፋቱ ከ200 ካሬ ሜትር አይበልጥም። የቤቱ እመቤት እንደ ነገሩን፣ ቀድሞ ግቢው መረሬ አፈር ስለ ነበረ በክረምት ጭቃው እግር ይይዝ ነበር፤ ዶሮዎቹም ማታ ማታ ኩሽና ውስጥ ያድሩ ነበር። ዛሬ ግን ግቢው በሦስት ተከፍሏል።

ከበሩ እስከ ቤቱ ያለው የመጀመሪያው ክፍል ለእንግዳ ነው። በአካባቢው በብዛት የሚገኘው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር በመንገዱ ላይ ስለ ተነጠፈ ውሃውን እያጠለለ ጭቃውን አስቀርቶታል፤ ግራና ቀኙም በጥቁር ድንጋይ ተከቦ ጽጌረዳ ተተክሎበታል። ሁለተኛው ክፍል የጓሮ አትክልት ነው፤ ጎመን፣ ቆስጣና ቃሪያ በመደብ በመደብ ሆነው፣ ጤና አዳምና በሶብላ ደግሞ በዳር በዳር ይታያሉ። ሦስተኛውና ከቤቱ ጀርባ ያለው ክፍል የዶሮዎቹ ነው። ይህም በሽቦ የታጠረ ሆኖ በውስጡ የሎሚና የፓፓያ ጥላ አለበት። የጥላው ነገር እንዲያው ለጌጥ የተደረገ አይደለም። የዶሮ ዘር መነሻው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ የሚኖር ወፍ ስለ ሆነ፣ ዶሮ እስከ ዛሬ ድረስ በቀን ጥላ፣ በሌሊት ከፍ ያለ ማደሪያ ትፈልጋለች።

ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተን የዶሮዎቹ ሜዳ ራሱ ለሁለት የተከፈለ መሆኑ ነው። ዶሮዎቹ በአንደኛው ሲሰማሩ ሌላው ያርፋል። ዶሮዎቹ በቈዩበት ቦታ ትሉን ለቅመው፣ አረሙን ነቅለው፣ አፈሩን ጭረው፣ ኩሳቸውን ጥለው ይሄዳሉ። ቦታው ሦስት አራት ወር ካረፈ በኋላ ጎመን ይተከልበታል። እንግዲህ በአበባ መደብ ላይ ጥፋት የነበረው ጭረት በቦታው ሲሆን የእርሻ ሥራ ሆነ ማለት ነው።

የዶሮ ቤት ለመሥራት የሚያስብ አንባቢ የሚከተለውን ልብ ይበል። ለአራት ዶሮ አንድ ካሬ ሜትር ወለል ይበቃል፤ ስለዚህ ለስምንት ዶሮ 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ቤት ይሠራል። ቤቱ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል በእግር ከፍ ቢል ከእርጥበት ይድናል፤ ሸለምጥማጥም በቀላሉ አይቈፍረውም። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ቢሆን የጧት ፀሐይ ይገባዋል። ከጣሪያው ሥር በሽቦ የተጋረደ የአየር መውጫ ሊኖረው ይገባል፤ የታፈነ ቤት ለዶሮ ሳንባ ጠንቅ ነውና። በወለሉ ላይ ገለባ ወይም ሰጋቱራ አራት ጣት ያህል ወፍሮ ይነጠፍና ሲረጥብ ይለወጣል። ለማደሪያ የሚሆነው ቆጥ ጠርዙ የለዘበ እንጨት ሆኖ ለእያንዳንዷ ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሳታል። እንቁላል የምትጥልበት ሣጥን በሁሉም ጎን 30 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ጨለም ባለ ስፍራ ይቀመጣል፤ ለአራት ዶሮ አንድ ይበቃል። በሜዳው አንድ ጥግም ደረቅ አፈርና አመድ የተቀላቀለበት ሣጥን ይኑር፤ ዶሮ በዚያ እየተንከባለለች ከቅማልና ከቅንቅን ራሷን ታጠራለች።

ኩሱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ትኩስ የዶሮ ኩስ በአትክልት ሥር በቀጥታ የተደረገ እንደ ሆነ ተክሉን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ከቅጠልና ከገለባ ጋር ተቀላቅሎ፣ ውሃ እየተርከፈከፈና እየተገላበጠ ለጥቂት ወራት መብላላት ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ሽታው ጠፍቶ፣ መልኩ ጠቁሮ እንደ ጫካ አፈር ይሆናል። ያየናቸው ጽጌረዳዎች ያን ያህል የፈኩት በዚህ ነው።

የዶሮውን ዘር መምረጥም አሳብ ይጠይቃል። የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ብትጥልም፣ ራሷ ትታቀፋለች፣ ጫጩቶቿን ታሳድጋለች፣ ጭልፊትንም ታውቃለች። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉት ለእንቁላል የተመረጡ ዶሮዎች በደንብ ከተቀለቡ በዓመት ከ250 በላይ ይጥላሉ፤ ነገር ግን መታቀፍን ትተዋል፤ መኖው ከጐደለባቸውም እንቁላሉ ወዲያው ይቀንሳል። የምርምር ማዕከሉ ሆሮ የተባለውን የአገራችንን ዶሮ ትውልድ በትውልድ እየመረጠ ማሻሻል የያዘው ሁለቱን ጠባይ ለማቀራረብ ነው። ለከተማ ነዋሪ አንድ ነገር እንጨምር፤ ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም። አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለሚሻ ብቻ ስለ ሆነ፣ እንቁላል ብቻ የሚፈልግ ሰው ጎረቤቱን በሌሊት ከመቀስቀስ ይድናል።

ለምግብ የእህል ግርድ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎና የጎመን ቅጠል ይስማማቸዋል። የእንቁላል ቅርፊት ደርቆና ተወቅጦ መልሶ ቢሰጣቸው ለአዲሱ ቅርፊት ይሆናቸዋል። የሻገተ እህል ግን መርዝ ነው፤ ጉሎም በዶሮ ሜዳ አጠገብ አይተከል፤ ፍሬው ይገድላልና። ጫጩት ማስፈልፈል የሚፈልግ ቤተሰብም የዓቢይ ጾምን 55 ቀን ይጠቀምበት። በዚያን ጊዜ እንቁላል ይረክሳል፤ ዶሮዋም የምትታቀፈው 21 ቀን ብቻ ስለ ሆነ ጫጩቶቹ ክረምት ሳይገባ እግር ያወጣሉ።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ሁሉ አንድ ሰው በገዛ አጥሩ ውስጥ ሊያደርገው የሚችል ነው። የሚቀጥለው ግን ከአጥር ውጭ ያለ ነገር ነው።

የዚያ ግቢ እመቤት የዶሮ ቤታቸውን ካሳመሩ በኋላ፣ በአንድ ክረምት መግቢያ ላይ አሥራ አንድ ዶሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደ ሞተባቸው ነገሩን። በመጀመሪያ ዶሮዎቹ ማስነጠስ ጀመሩ፤ ቀጥሎም አረንጓዴ ተቅማጥ ያዛቸው፤ አንገታቸው ተጣመመ፤ ከዚያ አለቁ። ይህ ፈንግል የሚባለው በሽታ ነው። ከገበያ ለበዓል ተገዝቶ ከሌሎቹ ጋር በተቀላቀለ ዶሮ፣ ከጎረቤት በሚሻገር ዶሮ፣ በጫማና በዕቃም ይተላለፋል። መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ነው። «ዶሮዎቹ ብቻ መስለውን ነበር» አሉ ወይዘሮዋ፤ «ለካ የልጆቹ ደብተር፣ የቡናው ቍርስ፣ የእኔም መቀነት ላይ የምቋጥራት ሳንቲም አብራ ሞታለች።» በብዙ ቤት የእንቁላሉ ገንዘብ እመቤቲቱ ማንንም ሳትጠይቅ የምታዝበት ገንዘብ መሆኑን ለሚያውቅ፣ ይህ ቃል ቀላል አይደለም።

እጅግ የሚያስገርመው፣ ይህ የደረሰው የፈንግል ክትባት በሚዘጋጅባት በዚህችው ከተማ መሆኑ ነው። ምክንያቱን ስንጠይቅ ነገሩ የርቀት ሳይሆን የቍጥር ሆኖ አገኘነው። የክትባቱ ብልቃጥ ለአምስት ወይም ለስምንት ዶሮ ተብሎ አይዘጋጅም፤ ለመቶ ዶሮና ከዚያም በላይ የሚበቃ ነው። ከተበጠበጠም በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ኃይሉ ይጠፋል። ስለዚህ ስምንት ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ልግዛ ብትል የቀረውን መድፋት ነው፤ ጎረቤቷ ካልከተበችም በሽታው ከአጥሩ ማዶ ይጠብቃታል።

ወይዘሮዋና የቡና ጎረቤቶቻቸው መፍትሔውን ያገኙት በዚያው በቡናው ላይ ነው። አሥራ ሁለት ቤት ሆነው ዶሮዎቻቸውን ቢቈጥሩ መቶ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ዋጋውን በየዶሮው ቍጥር አዋጥተው፣ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በአንድ ቀን ጠሩ። ገና ሳይነጋ፣ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ፣ ለእያንዳንዷ አንዳንድ ጠብታ በዓይኗ ተደረገላት። ባለሙያው ባዘዘው ወር ሲደርስም ይደግሙታል። በመጀመሪያው ጊዜ አንድ አረጋዊ ጎረቤት «ዶሮ ብትሞት ቀኗ ደርሶ ነው» ብለው እንቢ አሉ። በሁለተኛው ጊዜ ዶሮዎቻቸውን በቅርጫት ይዘው ከሁሉ ቀድመው ተገኙ። ምን እንደ ለወጣቸው ብንጠይቅ ወይዘሮዋ ፈገግ ብለው «የእኛዎቹ ክረምቱን ሲያልፉ አዩ» አሉን።

እነዚህ ሰዎች ሌላም ደንብ አውጥተዋል። ከገበያ የተገዛ ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው ሳይቈይ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። የሞተ ዶሮ በመንገድ አይጣልም፣ አይበላም፤ በጥልቅ ይቀበራል እንጂ። ዶሮ የነካ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ልጆችም ዶሮ በሚያድርበት ክፍል አይተኙም።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «የሌማት ትሩፋት» የተባለው የመንግሥት ዕቅድ ወተት፣ እንቁላል፣ የዶሮ ሥጋና ማር በየቤተሰቡ እንዲበዛ የታሰበበት ነው፤ ዓላማውም መልካም ነው። ነገር ግን ቄብ ዶሮ መቀበል የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ቄቧ የምትገባበት ቤት፣ የምትጭርበት ሜዳ፣ የምትከተብበት ቀን አስቀድሞ ካልተዘጋጀላት፣ ስጦታው አንድ ክረምት ሳያልፍ ላባ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ግቢውን አሳምሮ ዶሮ ለማርባት ያሰበ አንባቢ እንጨትና ሽቦ ከመግዛቱ በፊት በግራና በቀኝ ያሉትን ጎረቤቶች ይጠይቅ፤ ስንት ዶሮ እንዳላቸው፣ መቼስ እንደ ከተቡ ይወቅ። መንገዱን በጠጠር ያንጥፍ፣ አበባውን ከፊት፣ ዶሮውን ከኋላ ያድርግ፣ ሥራውንም በበጋ ይጨርስ። አጥር ሸለምጥማጥን ይከለክላል፤ ፈንግልን የሚከለክለው ግን ጎረቤት ነው።